ዋዛና ቁም ነገር፤ ትንሹን ደስታ ስለ መካፈል

በአገራችን ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ሰው በደጁ ቢያልፍ አስቀድሞ የሚናገረው ቃል «እንብላ» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እንናገረዋለን። ጥቂት ብንመረምረው ግን ከፍ ያለ ቁም ነገር እንዳለበት እንረዳለን። «ብላ» ብሎ አያዝም፤ «ልስጥህ» ብሎም ሰጪውን ከተቀባዩ በላይ አያደርግም። «እንብላ» በተባለ ጊዜ ባለማዕዱና መንገደኛው፣ ምንም እንኳ ስም ለስም የማይተዋወቁ ቢሆኑ፣ በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ተቀመጡ ማለት ነው። መንገደኛውም አብዛኛውን ጊዜ «ይባረክ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እንግዲህ ነገሩን በሚዛን እንመዝነው ብንል የተቈረሰ እንጀራ የለም፤ የተዘረጋም እጅ የለም። ሆኖም ባለማዕዱ ዝም ብሎ ቢጎርስ አንድ ነገር እንደ ጎደለ ሁለቱም ያውቃሉ። የጎደለው ምንድን ነው? እንጀራ እንዳልሆነ አይተናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዶቹ «መንገዱ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ገና ብዙ በሚቀረው አገር ስለ አንድ ስኒ ቡናና ስለ አንድ ፍሬ ማንጎ መጻፍ ዋዛ ነው» ይሉን ይሆናል። ተግሣጹን በአክብሮት እንቀበላለን። ዋዛ የሚለው ቃል ራሱ ግን ለጀመርነው ነገር ጥሩ መግቢያ ስለሚሆን ከእርሱ እንነሣ።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ብሔረሰቦች አገር ሲሆን ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የመጡ ብዙ ሰዎችም ይኖሩበታል። በበርታ ሕዝብ ዘንድ «ዋዛ» የሚባል የታወቀ የሙዚቃ መሣሪያ አለ። የሚሠራውም ከቅል ነው። የተቈረጡ ቅሎች አንዱ በሌላው ጫፍ እየተገጠመ ከአፉ የሰፋ ረጅም መለከት ይሆናል። የዋዛ ጠባዩ እንደሚከተለው ነው፦ እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው፣ የቱን ያህል ባለሙያ ቢሆን፣ መለከቱን ይዞ በጓሮው ብቻውን ቢቀመጥ ዜማ ሊጫወት አይችልም። አሥር ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰዎች ትልቁንም ትንሹንም መለከት ይዘው ሲሰለፉ፣ እያንዳንዱም ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ሲያሰማና ተራው ሲያልፍ ለባልንጀራው ዝም ሲል፣ ያን ጊዜ ዜማው ይወለዳል። ዜማው በማናቸውም መለከት ውስጥ ተለይቶ አይገኝም፤ የሚገኘው በሰዎቹ መካከል ነው።

እኛ በአማርኛችን ቁም ነገር የሌለበትን ቀላል ነገር ዋዛ እንለዋለን፤ የበርታ ሰው ደግሞ ያለ ባልንጀራ የማይነፋውን መለከት ዋዛ ይለዋል። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ማለታችን አይደለም። በድምፅ መገናኘታቸው ግን አንድ ነገር ያስታውሰናል፤ ይኸውም ለብቻው ሲታይ ዋዛ የሚመስለው ነገር ከሌላው ጋር በተጋጠመ ጊዜ ቁም ነገር ሊሆን እንደሚችል ነው።

ነገር ግን ምሳሌው ለጥያቄያችን ሙሉ መልስ አይሆንም። ዋዛን የሚነፋ ሰው ባልንጀራ የሚፈልገው ግድ ስለ ሆነበት ነው። ቡናና ማንጎ ግን እንደዚያ አይደሉም። በሩን ዘግቶ ቡናውን ብቻውን የሚጠጣ ሰው ቡና አልጠጣም አይባልም፤ ማንጎውን ብቻውን የሚበላም ጣፋጭነቱ አይቀርበትም። ብቻውን ሊደሰትበት የሚችለውን ነገር ሰው ለምን ለሌላው ያካፍላል? ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ማንጎን እንመልከት። በአሶሳና በዙሪያዋ የማንጎ ዛፍ በየጓሮው ይታያል። ወቅቱ ደርሶ ፍሬው መብሰል ሲጀምር ዛፉ ቈጥሮ አይሰጥም። አንድ ትልቅ ዛፍ የሚያፈራውን አንድ ቤተ ሰብ በልቶ አይጨርሰውም። እንደ ማሽላ በጎተራ አይከተትም፤ ጥቂት ቀን ካለፈውም ይበሰብሳል። ገበያ ቢያወጡትም የሁሉም ዛፍ በአንድ ጊዜ ስለሚበስል ዋጋው ይወድቃል። እንግዲህ ባለዛፉ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ ሲበሰብስ ያያል፤ ወይ ልጁን ጠርቶ «ይህን ለጎረቤት አድርስ» ይላል።

የዚያው አገር ሌላ ሀብት ደግሞ ወርቅ ነው። የቤኒሻንጉል ሰዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የወንዙን አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ሲያወጡ ኖረዋል። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን በላከ ጊዜ ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ በዚሁ አቅጣጫ ይገኛል ሲባል የሰማው ወርቅ ነበር። ሁለቱን ሀብቶች ብናስተያይ ጠባያቸው በጣም የተለያየ ነው። ወርቅ ያገኘ ሰው ይደብቃል፤ ማንጎ የበሰለለት ሰው ይጣራል። ወርቅ ሲካፈሉት ያንሳል፤ ስለዚህ ጦር ይስባል። ማንጎ ግን ካልተካፈሉት ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ጎረቤት ይስባል። በሕይወታችን ውስጥ ያሉት ደስታዎችም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ይመስሉናል። ሹመት፣ ሀብትና ዝና የወርቅ ወገን ናቸው፤ አንዱ ሲያገኛቸው ሌላው ያጣቸዋል። የጧት ፀሐይ፣ የቡና ሽታ፣ የመጀመሪያው ዝናብ፣ የሕፃን ሳቅ፣ የእሸት ጣዕም ግን የማንጎ ወገን ናቸው። ስሕተታችን ሁለተኞቹን እንደ መጀመሪያዎቹ አድርገን ለየብቻችን ልናከማቻቸው መሞከራችን ነው።

ትንሹ ነገር ከትልቁ የሚበልጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ትልቅ ስጦታ ተቀባዩን ባለዕዳ ያደርገዋል። በሬ የተሰጠው ሰው ሰጪውን ባየ ቍጥር አንገቱን ይደፋል፤ ሰጪውም አንዳንድ ጊዜ ይህን አንገት መድፋት እንደ ወለድ ይቈጥረዋል። አንድ ስኒ ቡና ግን ማንንም ባለዕዳ አያደርግም። ዛሬ እኔ ዘንድ ተጠጣ፤ ነገ አንተ ዘንድ ይጠጣል፤ ቢቀርም ማንም በመዝገብ አልጻፈውም። ስለዚህ ድኻው ሀብታሙን ሊጋብዝበት የሚችለው፣ ሁለቱም እኩል ሆነው የሚቀመጡበት ስጦታ ቢኖር ይህ ትንሹ ነው። ጥንታዊው የግሪክ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ወዳጅነት ሲጽፍ ሰዎች ብዙ ጨው አብረው ሳይበሉ እንደማይተዋወቁ የሚናገረውን የአገሩን ምሳሌ አስታውሶ ነበር። ሰው ጨውን በአንድ ማዕድ ብዙ አይበላም፤ ብዙ ጨው አብሮ ለመብላት ብዙ ቀን አብሮ መቀመጥ ያስፈልጋል። ወዳጅነትን የሚሠራው አንዱ ታላቅ ግብዣ ሳይሆን የብዙ ቀን ትንሽ ማዕድ ነው ማለት ነው። የእኛም አባቶች «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲሉ የተናገሩት ስለ ምግብ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

አሁን ወደ ምስጋና እንለፍ። በአገራችን ሰላምታ የሚጀመረው በጥያቄ ሲሆን የሚፈጸመው በምስጋና ነው። «እንዴት አደሩ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። አሶሳ ላይ በአንድ መንገድ ዳር ለአንዱና ለዚያው ሰላምታ አንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ሌላው «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን መልስ ይረዳል። ልብ ብለን ካየነው ይህ ልማድ አስደናቂ ነው። ለጠየቀኝ ሰው ስለ ራሴ ወሬ ከመንገሬ በፊት ማደሬ በራሴ ኀይል ያልሆነ መሆኑን እመሰክርለታለሁ። ምስጋናም ሌላ ምንም ሳይሆን ይህ ዕውቀት ነው፤ በእጄ ያለው ሁሉ ከእጄ ሥራ ብቻ እንዳልተገኘ ማወቅ። ማንጎውን የተከለው አያት ሊሆን ይችላል፤ ዝናቡን ያዘነበው ግን ባለዛፉ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ከዚያ ተዛምቶ ወደ አሶሳ አካባቢም ደርሷል። ትናንት የተትረፈረፈው ነገ ሊጎድል እንደሚችል፣ የአንዱ ጓሮ ደኅንነትም በሌላው ጓሮ ጥንቃቄ ላይ እንደሚመሠረት ባለማንጎዎቹ ከዚህ ተምረዋል።

እንዲህ ከሆነ ምስጋናና መካፈል ሁለት ነገር አይደሉም። ምስጋና «ይህ ሁሉ የእኔ ብቻ አይደለም» የሚለው ቃል ሲሆን፣ መካፈል የዚያ ቃል ሥራው ነው። ቃሉ ያለ ሥራው ቢቀር ባዶ ልማድ ይሆናል፤ ሥራውም ያለ ቃሉ ቢቀር ትዕቢት ይሆናል። የሺናሻ ሕዝብ በየዓመቱ በመስከረም ወር «ጋሪ ዎሮ» የሚባለውን በዓል ሲያከብር ከጨለማው ክረምት ወደ ብርሃኑ ወራት በሰላም ላሻገረው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። ይህን ምስጋና እያንዳንዱ በየቤቱ በልቡ ሊያደርሰው ይችል ነበር። ነገር ግን ክረምቱን ያለፉት አብረው ስለ ሆነ የሚያመሰግኑትም አብረው ነው። ጋራ የመጣን በጎ ነገር ለብቻ ማመስገን ግማሹን እንደ መካድ ነው።

በዚህ ላይ ሊነሡብን የሚችሉትን ተቃውሞዎች ሳንሸሽግ መመልከት ይገባናል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ደስታን ለሌላው መግለጽ ያጣውን ሰው ማቍሰል አይደለምን? በተራበ ሰው ፊት ስለ ጣዕም ማውራት ግፍ ነው።» ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ማሳየትና ማካፈል አንድ አይደሉም። የሚያሳይ ሰው ሌላውን ተመልካች ያደርገዋል፤ የሚያካፍል ሰው ግን ተሳታፊ ያደርገዋል። ቡና ሲቈላ ሽታው አጥርን ተሻግሮ ይሄዳል፤ ማንም ሊያግደው አይችልም። ስለዚህ በልማዳችን ቡና የምትቈላ እናት የሽታው መድረሻ የሆነውን ጎረቤት ታስጠራለች። ሽታው ደርሶት ስኒው ያልደረሰው ሰው ቢኖር ያ ማሳየት ነው፤ ሽታውም ስኒውም የደረሰው እንደ ሆነ ማካፈል ነው። ደስታችንን ለሰው ከመንገራችን በፊት «ይህ ሰው ከሽታው ሌላ ምን ይደርሰዋል?» ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው። «ትንሹን ነገር እያመሰገናችሁ ድኻውን በድኽነቱ እንዲረካ ታደርጉታላችሁ» የሚል ነው። ይህም እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም፤ ምክንያቱም ምስጋና እንደዚያ ሆኖ ሲሠራበት አይተናል። የመንደር ሰዎች ንጹሕ ውሃ እንዲገባላቸው ሲጠይቁ «ያላችሁን አመስግኑ» ብሎ የሚመልስ ሹም ቢኖር ምስጋናን አላስተማረም፤ የራሱን ግዴታ በሌላው ሰው በጎነት ሸፈነ እንጂ። ምስጋና ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ቃል ነው፤ በሌላው ላይ ሊታዘዝ አይቻልም። ውሃ ያጣች ሴት ራሷ በነጋ ጊዜ «ተመስገን» ብትል ክብሯ ነው፤ ውሃውን ሊያስገባላት የሚገባው ሰው «ተመስገን በይ» ቢላት ግን ነውሩ ነው። እንዲያውም በትክክል የሚያመሰግን ሰው የጎደለውን ለይቶ ያውቃል፤ ያለውን ቈጥሮ የሚያውቅ ሰው የሌለውንም ይቈጥራልና። በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡ ሰዎች ስለ ጕድጓድ ውሃውም፣ ስለ ትምህርት ቤቱም የሚመክሩት በዚያው ምንጣፍ ላይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የመረረ ሲሆን ከዚሁ ክልል ታሪክ የሚነሣ ነው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁና በረኀቡ ጊዜ የዚያን ዘመን መንግሥት ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች ብዙ ሺሕ ሰዎችን አምጥቶ በአሶሳና በመተከል አሠፈረ። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የመጡ አልነበሩም፤ መሬቱ ሲወሰድ የአገሬው ሰው ፈቃድም አልተጠየቀም። እንዲህ ባለ አጀማመር የተገናኙ ሰዎች በጊዜ ብዛት ጎረቤት ሆኑ፤ ገበያ ተገበያዩ፤ ቡናም ተጣጡ። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት በመተከል ዞን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። በታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታወቀ። በዚያ ዘመን በነበረው ግጭት ከልዩ ልዩ ወገን ሰዎች ሞቱ፤ ከ100,000 በላይ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። «እንግዲህ ቡናው የት ነበር?» ቢባል ምን እንመልሳለን?

ቡና መጣጣት ጥይት ያቆማል ብለን አንዋሽም። መሬትን በትክክል ማካፈል፣ ሕግን ማስከበርና ወንጀለኛን መፍረድ የመንግሥት ሥራ ነው፤ በስኒ አይተካም። ነገር ግን አንድ ነገር ልንል እንደፍራለን። ደስታን መካፈል በሁለት መንገድ ሊደረግ ይችላል። አንደኛው የራስን ወገን ብቻ በክብ አስቀምጦ በሩን መዝጋት ነው። ይህ የአንድ ሰውን ስስት ወደ ብዙ ሰዎች ስስት ከማሳደግ በቀር መካፈል አይደለም፤ ክቡ በሞቀ ቍጥር ውጭ ያለው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሁለተኛው ክቡን አንድ ሰው በሚያስገባ መጠን ክፍት መተው ነው። ስለዚህ ማዕዳችንን የምንመዝነው በተቀመጡት ብዛት ሳይሆን ሳይጠራ በቀረው ሰው ነው። የክፉ ወሬ አውሪም በመጀመሪያ የሚጥረው ይህን ለማቋረጥ ነው፤ ከቡናው የቀረ ጎረቤት ላይ ማንኛውም ወሬ በቀላሉ ይታመናልና።

ክቡ ሊሰፋ እንደሚችል ግን ይኸው አገር ራሱ ምስክር ነው። በአሶሳ አካባቢ ያለው የሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1997 ተከፍቶ ከሱዳን ለተሰደዱ ሰዎች መጠጊያ ሆኗል። በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በሱዳን አዲስ ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ሰዎች በኩርሙክ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ገብተዋል። የበርታ ሕዝብ በድንበሩ ወዲህም ወዲያም የሚኖር ስለ ሆነ ከሚመጡት መካከል ቋንቋው የማይቸግር፣ ጠባዩም የማይከብድ ይገኛል። ሌላው ግን ፈጽሞ እንግዳ ነው። ለስደተኛው እህሉና መጠለያው በመዝገብ ተቈጥሮ ይሰጠዋል፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን በመዝገብ ሊሰጥ የማይችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም «እንብላ» መባል ነው። እህል ያጣውን ሰው እህል ያጠግበዋል፤ ጎረቤት ያጣውን ግን ጎረቤት ካልሆነ የሚያጠግበው የለም።

የተናገርነው ሁሉ ሐሳብ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር በዓይናችን ያየነውን አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ ወቅት በአሶሳ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር በእንግድነት አርፈን ነበር። የቤቱ እመቤት በ1977 ዓ.ም. በሕፃንነታቸው ከወሎ ከመጡት አንዷ ናቸው። ጎረቤታቸው ደግሞ በዕድሜ የገፉ የበርታ ሰው ናቸው። በሁለቱ ጓሮዎች ድንበር ላይ በቆመ አንድ የማንጎ ዛፍ ምክንያት ተጣልተው ከተዘጋጉ ሳምንታት አልፈዋል። ከሰዓት በኋላ ቡና ተቈላ፤ ዕጣን ተጨሰ። እመቤቲቱም የልጃቸውን ልጅ ጠርተው «ሂድና ለአባባ ቡና ደርሷል በላቸው» አሉት። ልጁ ሄዶ ተመለሰና «አልመጣም ብለዋል» አለ። እርሳቸውም ምንም ሳይናገሩ አቦሉን ሲቀዱ ለሌሉትም ሰው አንድ ስኒ ቀድተው በረከቦቱ ላይ አኖሩ። እኛም ነገሩ ገርሞን ለማን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። «ለጎረቤት ነው» አሉን። «የተጣላነው በዛፍ ነው፤ ቡናው ምን አደረገ?»

አቦሉ ተጠጣ፤ የእርሳቸው ስኒ ቀዘቀዘ። ቶናው ተጠጣ፤ አሁንም ቀዘቀዘ። ሦስተኛው በረካ ሊቀዳ ሲል፣ በረካ ማለት ራሱ በረከት ማለት ነው፣ ሽማግሌው በበሩ ቆመው «አሰላሙ ዐለይኩም» አሉ። «ወዐለይኩሙ ሰላም፤ ይግቡ» ተባሉ፤ ገብተው ተቀመጡ። ስለ ዛፉ ማንም አላነሣም። ስለ ዝናቡ መዘግየት ተወራ፤ ምርቃት ተደርጎ «አሚን» ተባለ፤ ሽማግሌውም አመስግነው ወጡ። እኛ እርቅ ወረደ ብለን ደስ ሊለን ሲል እመቤቲቱ ፈገግ ብለው «ነገ ሽማግሌ ፊት እንቀርባለን፤ ዛፉን እኮ አልተውኩላቸውም» አሉን። ዛፉ በመጨረሻ ለማን እንደ ተፈረደ ሳንሰማ ከመንደሩ ሄድን። የተማርነው ግን ይህ ነው፦ ቡናው ክርክሩን አልፈረደም፤ ተከራካሪዎቹ ሊዳኙ የሚችሉ ሰዎች ሆነው እንዲቆዩ አደረጋቸው እንጂ። ሳምንታት የተዘጋጉ ሰዎች በማግስቱ አንዱ የሌላውን ቃል ሊሰማ ተዘጋጀ። በመጀመሪያ የጠየቅነው፣ «እንብላ» ሳይባል ሲቀር የሚጎድለው ነገር፣ ይህ ይመስለናል። «አንተ ለእኔ ከዓይኔ ያልጠፋህ ሰው ነህ» የሚለው ምስክርነት ነው።

የጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደስታ ከማንም አእምሮ የሚጠፋ አይደለም። በዚሁ ክልል በጉባ ወረዳ፣ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የተመረቀበት ቀን ነው። ባለጠጋውም ድኻውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ተማሪውም ከኪሱ ያዋጣበት ሥራ ስለ ሆነ ደስታው በእውነት የጋራ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቀን በአንድ ትውልድ ዕድሜ አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው። በአንዱ ታላቅ ቀንና በሌላው ታላቅ ቀን መካከል ያሉትን ብዙ ሺሕ ቀናት የምንኖራቸው በትንንሾቹ ደስታዎች ነው። በትንሹ መካፈልን ያልለመደ ሕዝብ ትልቁ በመጣ ጊዜ ሊካፈል አይችልም፤ ሊሻማ ይችላል እንጂ።

ስለዚህ ለመምህሩ የምንለው፦ ተማሪዎችህ ምሳቸውን ሲበሉ ማን ብቻውን እንደሚቀመጥ አስተውል፤ ከዚያ የሚማሩት ትምህርት በሰሌዳ ላይ ከሚጻፈው አያንስም። ለተማሪው የምንለው፦ በሩቅ ከተማ ስትማር በጓደኛህ ክፍል ያልገባ ደስታ በአንተም ክፍል ሙሉ እንዳይመስልህ። ለመንግሥት ሠራተኛው የምንለው፦ በሥራህ ለባለጉዳይ የሚገባውን በሕግ ስጥ፤ እርሱ ደስታ ማካፈል ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው። ዕዳህን ከከፈልህ በኋላ ግን «ደኅና ዋሉ» ማለት ከአንተ ምንም እንደማይቀንስ አስብ። ለእኛ ለጸሓፊዎችም የሚገባ ተግሣጽ አለ፤ ይኸውም ስለ መካፈል በጻፍንበት ቀን ቡናችንን በር ዘግተን እንዳንጠጣ ነው።

የዋዛ ነፊ የተሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ አንድ በመሆኑ አያፍርም፤ ብቻውንም ዜማ ልሁን ብሎ አይደክምም። ተራው ሲደርስ ያሰማል፤ ተራው ሲያልፍ ባልንጀራውን ይሰማል። ከእኛም ብዙዎቻችን በቀን የሚደርሰን ደስታ ከአንድ ድምፅ አይበልጥም፤ አንድ ስኒ፣ አንድ ፍሬ፣ አንድ የምሥራች ቃል ነው። ዛሬ ማታ እርሱን ይዘን የማንን ደጅ እንደምናንኳኳ እናስብ።